ከአፈር፣ ከቆርኪና ከጎረቤት እጅ፦ ቅይጥ የሥነ ጥበብ ሥራ በአምቦና በምዕራብ ሸዋ ከተሞች

የቅይጥ ሥራ ምንነት

ሚክስድ ሚድያ ባሕርያቸው የተለያየ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ቁሶች በአንድ የሥነ ጥበብ ሥራ ላይ የሚጣመሩበት አሠራር ነው። ሸራ በዘይት ቀለም ብቻ ቢቀባ ሥራው ሥዕል ይባላል፤ በዚያው ሸራ ላይ ጨርቅ ቢሰፋ፣ አሸዋ ቢነሰነስ ወይም ሽቦ ቢታሰር ግን ቅይጥ ሥራ ይሆናል። በዚህ ማብራሪያ «ቅይጥ ሥራ» የተባለው ይኸው ነው። በሥሩ ኮላዥ (ወረቀትና ጨርቅ የመሰሉ ስስ ቁሶችን በማጣበቅ የሚሠራ)፣ አሰምብላዥ (ጎልተው የሚወጡ ዕቃዎችን በመገጣጠም የሚሠራ) እና ኢንስታሌሽን (አንድን ቦታ በሙሉ የሚይዝ፣ ተመልካች በውስጡ የሚያልፍበት ሥራ) ይገኛሉ።

የሥነ ጥበብ ታሪክ መጻሕፍት የዚህን አሠራር መነሻ ብዙውን ጊዜ ፓሪስ ላይ ያደርጉታል። ፓብሎ ፒካሶ እ.ኤ.አ. በ1912 የወንበር ስፌት የታተመበትን ሙሻማ በሥዕል ላይ ለጥፎ ዙሪያውን በገመድ አጠረው፤ ከዚያ ወዲህ ማናቸውም ቁስ ወደ ሥዕል መግባት እንደሚችል ተቀባይነት አገኘ። ለኢትዮጵያ ግን ይህ መነሻ ይጠባል። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች በጥጥ ጨርቅ ላይ እየሣሉ ጨርቁን በተለሰነ ግድግዳ ላይ ሲለጥፉ ኖረዋል። የብራና መጽሐፍ ቆዳን፣ እንጨትን፣ ክርንና ቀለምን ያገናኛል። በዛጎልና በዶቃ የተሸለመ ቅልም ቅይጥ ነው።

በእነዚህ ጥንታውያን ሥራዎች ቁሱ የሚመረጠው ለአገልግሎቱና ለውበቱ ነበር። ዘመናዊው ሥራ የጨመረው ነገር፣ ቁሱ ከየት እንደመጣና በማን እጅ እንዳለፈ ራሱ የትርጉሙ አካል እንዲሆን ማድረጉ ነው። ተፈጥሮና ሠፈር ወደዚህ ጥበብ የሚገቡት በዚሁ በኩል ነው፤ በሥዕሉ ላይ ዛፍና ጎረቤት ባይታዩም እንኳ በቁሱ ውስጥ ይኖራሉ።

ከሠፈር ወደ ሙዚየም የሄደው መንገድ

በኢትዮጵያ ቁስን በዚህ መልክ ካሠሩት ቀዳሚዎች አንዱ ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን (እ.ኤ.አ. 1937–2003) ናቸው፤ ከዛፍ ቅርፊት በሚዘጋጅ ጨርቅ ላይ ሠርተዋል። ከሠፈር ጋር ያለው ትስስር ጎልቶ የሚታየው ግን በኤልያስ ስሜ ሥራዎች ላይ ነው። ኤልያስ እ.ኤ.አ. በ1968 በአዲስ አበባ ተወልደው በቂርቆስ አካባቢ አደጉ፤ ዛሬ በመሥራቹ በአለ ፈለገ ሰላም ስም ከሚጠራው የአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም እ.ኤ.አ. በ1990 ተመረቁ። የመጀመሪያዎቹ ታዋቂ ሥራዎቻቸው በሸራ ላይ በክር የተሰፉ ናቸው፤ አዝራርና የተጣሉ ጥቃቅን ዕቃዎችም ገብተውባቸዋል። ክሩ የቀለምን ቦታ ይይዛል፤ የመርፌው አቅጣጫ ደግሞ የብሩሽን።

በኋላ የመጣው «ታይትሮፕ» (የተወጠረ ገመድ) የተባለው ተከታታይ ሥራ ከኤሌክትሮኒክስ ቁርጥራጭ የተሠራ ነው። የተጎነጎነ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የኮምፒውተር ሰሌዳና የመተየቢያ ቁልፎች በእንጨት ላይ በትዕግሥት ተደርድረው ሰፊ ገጽ ይፈጥራሉ። ቁሱ የሚሰበሰበው ከመርካቶ፣ በተለይም የተጣለ ነገር ሁሉ ገዢ ከሚያገኝበት ከምናለሽ ተራ ነው። ከሩቅ ሲታይ ከአውሮፕላን የታየ እርሻ፣ ወንዝ ወይም ከተማ ይመስላል፤ ከቅርብ ሲታይ ግን እያንዳንዱ ቁራጭ የአንድ ሰው ስልክ ወይም ራዲዮ እንደነበረ ይታወቃል። የሥራው ኃይል ያለው በእነዚህ ሁለት ርቀቶች መካከል ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የስሚዝሶኒያን የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ብሔራዊ ሙዚየም ለኤልያስ ሽልማት ሰጥቷል።

ጭቃ የጥበብ ቁስ የሚሆንበት ምክንያት

ዞማ ሙዚየም በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መካኒሳ ተከፈተ። ያቋቋሙት ኤልያስ ስሜና የሥነ ሰብእ (አንትሮፖሎጂ) ባለሙያዋና የዐውደ ርእይ አዘጋጇ መስከረም አሰግድ ሲሆኑ፣ ስያሜው በወጣትነቷ ያረፈችውን ሠዓሊ ዞማ ሽፈራውን ያስታውሳል። ግድግዳዎቹ ከጭቃና ከጭድ ተሠርተው ላያቸው ላይ ጎልቶ የሚወጣ ቅርጽ ተቀርጾባቸዋል። ሥራው የተሰቀለበት ግድግዳ ራሱ ሥራ ነው፤ ግቢው ደግሞ የአትክልት ስፍራና የሕፃናት ትምህርት ቤት አለው። ለምዕራብ ሸዋ አንባቢ የዞማ ትምህርት ሩቅ አይደለም፤ በሆለታ፣ በግንጪ፣ በአምቦና በጌዶ ዙሪያ ያለ አብዛኛው የገጠር ቤት በዚሁ ዕውቀት የቆመ ነውና።

ጭቃው እንዲህ ይዘጋጃል። አፈሩ ከድንጋይና ከሥር ተለይቶ ይቆለላል፤ ውሃ ይጠጣል፤ የጤፍ ጭድ ይጨመርበታል፤ ከዚያም በእግር ይረገጣል። ወዲያው አይመረግም። ለቀናት እርጥብ ሆኖ ይቆያል፤ በመካከሉ ደጋግሞ ይረገጣል። በዚህ ጊዜ ጭዱ በከፊል እየበሰበሰ የሚያጣብቅ ፈሳሽ ይለቃል፤ የሸክላ አፈሩ ቅንጣቶችም ውሃውን በእኩል ይጠጣሉ። የተቻኮለ ጭቃና የቆየ ጭቃ በመዳሰስ ብቻ ይለያሉ፤ ይህንን መለየት የሚችሉት ግን ሲረግጡ ያደጉ ሰዎች ናቸው።

ጭድ የሚጨመርበት ምክንያት መሰንጠቅን ለመቀነስ ነው። እርጥብ የሸክላ አፈር ሲደርቅ ውሃው የያዘውን ቦታ ይለቃል፤ ጭቃው ይጠባል። ምንም የሚይዘው ነገር ከሌለ መጥበቡ በአንድ ደካማ ቦታ ላይ ተሰብስቦ ሰፊ ስንጥቅ ይሆናል። ጭዱ በየአቅጣጫው ተበትኖ ስለሚይዘው ውጥረቱ ይከፋፈላል፤ የሚታየውም ዓይን የማያስቸግር የጸጉር ያህል ስንጥቅ ብቻ ነው። ስለዚህ ለሠዓሊ የምርጊት ውፍረትና የጭዱ ርዝመት እንደ ቀለም ምርጫ ያለ ውሳኔ ነው፤ ረጅም ጭድ ሻካራ ገጽ ይሰጣል፤ የደቀቀ ጭድና እበት የተቀላቀለበት ልስን ደግሞ ለመቅረጽና ለመቀባት የሚመች ለስላሳ ገጽ ይሰጣል።

የአፈርና የድንጋይ ቀለም

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ሲጓዙ አምቦ በ115 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ መንገድ ላይ የአፈሩ ቀለም ይለዋወጣል። በግንጪ ሜዳ የሚገኘው ጥቁር አፈር መረሬ ወይም ዋልካ የሚባለው ነው፤ በውሃ የሚያብጥ የሸክላ ማዕድን በብዛት ስላለበት በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ጥልቅ ስንጥቅ ያወጣል። ለእህል የታወቀ ቢሆንም ለምርጊት አይመከርም። ተዳፋት ላይ የሚገኘው ቀይ አፈር በአንጻሩ ብዙም ስለማያብጥ ለግድግዳም ለሥነ ጥበብም ይሻላል። መረሬ ግን ስንጥቁ ራሱ የሚፈለግ ከሆነ ተወዳዳሪ የለውም፤ በሰፊ ጣውላ ላይ ቀጭን ተደርጎ ቢደርቅ ድርቅን ለመግለጽ ሌላ ቀለም አያስፈልግም።

አፈርን ወደ ቀለም መለወጥ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። አፈሩ ደርቆ ይፈጫል፤ በወንፊት ይነፋል፤ ከዚያ በባልዲ ውሃ ውስጥ ይበጠበጣል። ከባዱ አሸዋ ወዲያው ይዘቅጣል፤ ደቃቁ ግን በውሃው ውስጥ ይንሳፈፋል። ውሃው ወደ ሌላ ዕቃ ተገልብጦ ለአንድ ቀን ሲቀመጥ ደቃቁ በሥሩ ይረጋል፤ ሲደርቅ የሚገኘው ዱቄት ፒግመንት (የማይሟሟ የቀለም ዱቄት) ይባላል። ዱቄቱ ብቻውን አይጣበቅም። የእንቁላል አስኳል፣ ነጭ የእንጨት ኮላ ወይም የአክሪሊክ ማጣበቂያ ሲጨመርበት ቀለም ይሆናል።

በግንባታ የሚታወቀው የአምቦ ድንጋይ (የአሸዋ ድንጋይ) ቢጫና ቀይ ቡናማ መልኩን የሚያገኘው ከብረት ኦክሳይድ (ብረት ከኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ ከሚፈጠር ውሁድ) ነው። የአፈሩም ቅላት ከዚሁ ይመጣል። ይህ ውሁድ በፀሐይ ብርሃን አይደበዝዝም፤ ከአበባና ከቅጠል የሚወጣ ብዙ ቀለም ግን በብርሃን ይነጣል። ጠራቢዎች የሚጥሉት ብናኝ ስለዚህ ረጅም ዕድሜ አለው። ነጭ ከኖራ ወይም ከጀሶ፣ ጥቁር ከከሰል ወይም ከጥላሸት ይገኛል። ሰማያዊ ግን ከአካባቢው አፈር አይወጣም፤ ያ ከሱቅ መግዛት ይጠይቃል።

ከተፈጥሮ መማር ሲባል

ተፈጥሮን መነሻ ያደረገ ሥራ ብዙ ጊዜ ቅጠል ሰብስቦ በወረቀት ላይ መለጠፍ ተደርጎ ይታሰባል። ውጤቱ ቶሎ የሚረግፍ ጌጥ ነው። ከተፈጥሮ የሚወሰዱት ግን ከቅጠሉ ሌላ ቅርጽና ሂደት ናቸው። ለቅርጽ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የደንዲ ተራራ ነው፤ በእሳተ ገሞራው አፍ ውስጥ ሁለት ሐይቆች በጠባብ ወገብ ተገናኝተው ይታያሉ። በአምቦና በወሊሶ መካከል ያለው የወንጪ ሐይቅም ከጠርዙ ሲታይ እርሻን፣ ደንን፣ ውሃንና ደሴትን በቀለበት በቀለበት ይደረድራል። በግንጪ አቅራቢያ በሚገኘው የጭሊሞ ደን ጥድ፣ ዝግባና ወይራ አብረው ይታያሉ፤ ቅርፊቶቻቸው በወረቀትና በከሰል ቢፈተጉ ሦስት የተለያዩ የገጽ መልኮች ይሰጣሉ። ለዚህ ዛፉን መላጥ አያስፈልግም።

ሂደት ከቅርጽ ይበልጣል። የግንጪ አካባቢ ከፍታ የሁለት ተፋሰሶች ድንበር ነው። አዋሽ ከዚያ ተነሥቶ ወደ አፋር ይወርዳል፤ ባሕርም አይደርስም። የሁሉቃና የጉደር ወንዞች ውሃ ግን ወደ ዓባይ ይገባል። በአንድ ቀን የዘነበ ዝናብ ግማሹ ወደ በረሃ፣ ግማሹ ወደ ሜዲትራኒያን ይሄዳል ማለት ነው። (በአምቦ አቅራቢያ በቦዳ የተወለዱት ባለቅኔ ጸጋዬ ገብረ መድኅን አዋሽን በቅኔ አንሥተውታል፤ በዕይታ ጥበብ ግን ይህ ድንበር ገና ብዙ የሚሠራበት ነው።) የአምቦ ማዕድን ውሃም ሂደት ነው። ከመሬት ጥልቀት የሚመጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በውሃ ውስጥ በግፊት ይሟሟል፤ ውሃው ማዕድን እያሟሟ ወደ ላይ ይወጣል፤ ግፊቱ ሲቀንስ አረፋ ይሆናል። በዚህ ውሃ የተበጠበጠ የአፈር ቀለም ሲደርቅ ከማዕድኑ የተነሣ ነጣ ያለ ልባስ ሊተው ይችላል፤ ሊወገድም ሊፈለግም የሚችል ውጤት ነው።

ቆርኪ፣ ማዳበሪያና ልዋጭ

የአምቦ ውሃ ከ1930 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በጠርሙስ ይታሸጋል፤ ከከተማዋ ስም ጋር ወደ አገሩ ሁሉ የሚሄደው ትንሹ ነገር ቆርኪ ነው። ልጆች ሲጫወቱበት የኖሩት ይህ ክዳን ከስስ ብረት ተቆርጦ ዙሪያው 21 ጥርስ እንዲኖረው ተደርጎ ይሠራል፤ በውስጡ ስስ የላስቲክ ንጣፍ አለው። ለቅይጥ ሥራ ሲፈለግ ንጣፉ ይነሣል፤ ቆርኪው በመዶሻ ይጠፈጠፋል፤ በሚስማር ሁለት ወይም አራት ቦታ ይበሳል፤ በቀጭን ሽቦ ከጎረቤቱ ጋር ይታሰራል። ብዙ ሲሆን እንደ ልብስ የሚታጠፍ የብረት ገጽ ይወጣል።

ጋና የተወለደውና በናይጄሪያ ንሱካ ለረጅም ጊዜ ያስተማረው ኤል አናትሱይ በዓለም የታወቀው በተመሳሳይ አሠራር ነው። የእሱ ግን የአረቄ ጠርሙስ ክዳን ነው፤ ከአሉሚኒየም ስለሚሠራ በእጅ ይታጠፋል፣ አይዝግም። ቆርኪ ብረት ስለሆነ ይከብዳል፣ ይዝጋልም። ስለዚህ የአናትሱይን ሥራ በቆርኪ መድገም አይሠራም፤ ቆርኪ የራሱን መልክ መፈለግ አለበት፤ ዝገቱም የዚያ መልክ አካል ሊሆን ይችላል።

ሌሎቹ የሠፈር ቁሶች በየደጁ ያሉ ናቸው። ማዳበሪያ (የተሸመነ የፕላስቲክ ከረጢት) ተተርትሮ ጠንካራ ክር ይሰጣል። እንሰት በሚለማባቸው ደጋማ ቀበሌዎች የሚገኘው ቃጫ በቀለም ይነከራል፣ ይጎነጎናል። የስፌት ባለሙያዎች ስንደዶውን ውስጥ አድርገው በአክርማ ይጠቀልሉታል፤ ቀለም የተነከረውን አለላ ደግሞ ለጥለት ያስገባሉ። አሮጌ ዕቃ በቁራሌውና በልዋጭ ነጋዴ በኩል ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ ለሠዓሊ ከእነዚህ ነጋዴዎች የሚሻል የቁስ አቅራቢ ማግኘት ያስቸግራል። ሁሉን የሚያውቁ እነሱ ናቸው፤ ከየትኛው ቤት ምን እንደተጣለ ጭምር።

የጎረቤት ድርሻ

በኦሮሞ ባህል የኦዳ ዛፍ ጥላ ጉባኤ የሚቀመጡበት ቦታ ነው፤ በምዕራብ ሸዋ የሚገኘው ኦዳ ቢስልም ከታወቁት የገዳ ሥርዓት ማዕከላት አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ዩኔስኮ የገዳ ሥርዓትን በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። እዚህ ላይ ተፈጥሮና ማኅበረሰብ ሁለት ርእሶች አይደሉም፤ ዛፉ አዳራሽ ነው። እድር፣ እቁብ፣ ደቦና ቡሳ ጎኖፋም (የኦሮሞ የመረዳዳት ሥርዓት) በየከተማው የመሰባሰብን ልማድ ያቆያሉ። ቅይጥ ሥራ ብዙ እጅ ስለሚፈልግ ከዚህ ልማድ ጋር በቀላሉ ይገጥማል።

አሠራሩን በምሳሌ ማሳየት ይቻላል። በአንድ የአምቦ ትምህርት ቤት ለክወናና እይታ ጥበባት ትምህርት የሁለቱ ተፋሰሶች ሥራ ታሰበ እንበል። ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ኮምፔንሳቶ ተዘጋጅቶ ከላይ እስከ ታች በድንበር መስመር ይከፈላል። በአንዱ ወገን ከግንጪ የመጣ መረሬ ተለስኖ እንዲሰነጠቅ ይተዋል፤ በሌላው ወገን ቀይ አፈር በጭድ ይለሰናል። ወንዞቹ በሰማያዊ ማዳበሪያ ክር ይሰፋሉ። የቀይ አፈሩን ጭቃ የሚያቦኩት ተማሪዎች ብቻ ከሆኑ ይሰነጠቃል፤ ምርጊት የሚያውቁ እናቶች ከተጠሩ ግን ሥራው ይጸናል። አለላ ማስገባት የሚያውቁ ስፌተኞች ከዳር ያለውን ጥለት ይሠራሉ። አስተማሪው ያላቀደው ነገርም ይመጣል፤ አንዲት ስፌተኛ የራሷን ጥለት ትመርጣለች፣ ምርጫዋም ከአስተማሪው የሚሻል ይሆናል።

በዚህ ረገድ አንድ ደካማ ልማድ አለ። ብዙ የሠፈር ሥራዎች ሲታዩ የሠዓሊው ስም ብቻ ይጻፋል፤ ጭቃ ያቦኩት፣ የሰፉትና ቁስ ያመጡት «ማኅበረሰቡ» በሚል አንድ ቃል ይታለፋሉ። ይህ ተገቢ አይደለም። የሙያ እጅ የሙያ ክፍያና ስም ይገባዋል፤ ከልጅ የተገዛ ቆርኪም ዋጋው አስቀድሞ መነገር አለበት። ለአምልኮና ለጉባኤ ከተለዩ ዛፎች፣ ከቤተ ክርስቲያን ደንና ከእሬቻ ሥፍራ ቁስ መውሰድም ከሽማግሌዎች ፈቃድ ውጭ አይደረግም።

የሥራው ዕድሜ

ቅይጥ ሥራ ከሥዕል ይልቅ በፍጥነት የሚበላሸው የተቀላቀሉት ቁሶች ለእርጥበትና ለሙቀት የሚሰጡት ምላሽ ስለሚለያይ ነው። ወረቀትና ጨርቅ እርጥበት ሲያገኙ ይሰፋሉ፤ ብረት ይዝጋል፤ ጭቃ ይለሰልሳል፤ ኮላው በመካከላቸው ይጎተታል። የምዕራብ ሸዋ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም የሚቆይ በመሆኑ ይህ ጉዳት በአንድ ዓመት ውስጥ ሊታይ ይችላል። ከባድ ነገር በኮላ ብቻ አይያዝም፤ በሽቦ ወይም በሚስማር ከኮምፔንሳቶው ጋር ይታሰራል። ቆርኪና ሽቦ ከመለጠፋቸው በፊት በቫርኒሽ ይቀባሉ፤ ጭድና ቃጫ ነቀዝና ሌላ ተባይ እንዳይገባባቸው ፀሐይ ላይ በደንብ ይደርቃሉ። የጋዜጣ ወረቀት ቶሎ ቢጫ ስለሚሆን ዘላቂ ሥራ ላይ ባይገባ ይመረጣል።

ከቤት ውጭ የሚቆም የጭቃ ሥራ ሁለት ነገሮች ያስፈልጉታል፦ ዝናብ ከላይ እንዳይመታው ወጣ ያለ ጣሪያ፣ ከታችም ውሃ እንዳይስብ የድንጋይ መሠረት። ይህ ተደርጎም እድሳት ይፈልጋል። በገጠር ቤቶች ምርጊት የሚታደሰው ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ አፈሩ ገና እርጥበት ሳይለቀው፣ አዲሱ አዝመራ ከመድረሱ በፊት፣ ካለፈው ዓመት በተቀመጠ ጭድ ነው፤ በአምቦ የሚሠራ የጭቃ ቅርጽም በዚሁ ወቅት ይታደሳል።